ግማሽ ኢንች የምንለው ቱቦ በካሊፐር ሲለካ ስንት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ሃያ ስድስት መልስ መጣለት። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሟል፤ መሃል ላይም ጭቅጭቅ ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይደክም በተራ ቁጥሩ ላሳጥርለት ብዬ ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይም ሐሳቤን እናገራለሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ እሠራለሁ። ወደ አጋሮ መውጫ ላይ አንድ የቡና መጋዘን ይዘናል። ባለቤቱ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ፈለጉ። ምክንያታቸው አይጥ ነው፤ የፕላስቲኩን ቱቦ ሁለት ጊዜ በልታባቸዋለች። እኛም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቱቦ ማጠፊያ ማሽን ተከራየን። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን ነው። በ120 ቮልት ስለሚሠራ ከነትራንስፎርመሩ ነው የሰጡን።

ማሽኑን አይቶ ለማያውቅ ሰው፦ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ፣ የክብ ቁራጭ የመሰለ ወፍራም ብረት አለው። እኛ ስታምፓ እንለዋለን። ቱቦው በመንጠቆ ይያዝና ከኋላው ሮለር ይደግፈዋል። ቁልፉን ስትጫን ስታምፓው ይዞራል፤ ቱቦው እየተጠቀለለበት ይታጠፋል።

ችግሬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቱቦው በእጥፋቱ የውስጥ በኩል ይጨማደዳል። በጥፍሬ ሄጄበት አምስት ሽንሽን ቆጥሬያለሁ። ከውጭ በኩል ደግሞ ይደፈጠጣል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ 90 ዲግሪ ላይ ቆሞ ቱቦውን ስናወጣው 86 ሆኖ እናገኘዋለን። ሃያ ሁለት ቱቦ አበላሽተን ነው ለመጠየቅ የመጣሁት።

1ኛው መልስ ከአጋሮ ነው። በትህትና ሰላምታ ሰጥቶ ጥፋቱን ወደ መብራቱ ወሰደው። ማታ ማታ መብራት ሲደክም የእሱም ማሽን ያቃስታል። የማራዘሚያችን ርዝመት ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከትራንስፎርመሩ እስከ ማሽኑ 40 ሜትር፣ ሽቦውም 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መሆኑን ነገርኩት።

2ኛው መልስ ሞተር ከሚጠቀልል ባለሙያ መጣ። የ1ኛውን ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አረመ። መብራት ሲወርድ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል፤ ቱቦ ግን አይጨማደድም። ሽቦውን በተመለከተ ያደረገው ስሌት ግን ዓይኔን ከፈተልኝ። ማሽኑ በ120 ቮልት 20 አምፒር ቢስብ፣ በ40 ሜትሩ ሽቦ መሄጃና መመለሻ ላይ 19 ቮልት ይጠፋል። ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 101 ገደማ ነው። ትራንስፎርመሩን ማሽኑ አጠገብ አምጥተን ረጅሙን ሽቦ በ220ው በኩል ብናደርገውስ? ያኔ በሽቦው የሚያልፈው 11 አምፒር ያህል ነው። የሚጠፋው 10 ቮልት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ያውም ከ220 ላይ። አንድ ሳንቲም ሳናወጣ፣ ትራንስፎርመሩን ተሸክመን ቦታ በመቀየር ብቻ ማለት ነው። በማግስቱ አደረግነው። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ።

ሌላም ነገር አስታወሰን። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሞተሩ ካርቦን (መብራቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፍ ብሩሽ) ያለው ከሆነ ይህ እምብዛም አያስጨንቅም። ካርቦን የሌለው ከሆነ ግን ፍጥነቱ በስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ከፍቼ አየሁት፣ ካርቦን አለው።

3ኛው አንድ ተማሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ቱቦ ላይ ምልክት የሚደረግበትን ርቀት ጠየቀ። ያኔ ማንም አልመለሰለትም። ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

4ኛውን የጻፉት አንድ አዛውንት ናቸው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በጉልበት ቱቦ ሲያጥፉ የኖሩ ናቸው። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ መድፈን ነው ዘዴያቸው። አሸዋው ግድግዳውን ከውስጥ ይይዘዋል። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል። ጋሼን አመስግኛቸዋለሁ። ለሁለት ሦስት እጥፋት እኔም አደርገዋለሁ። እኛ ግን ከ200 በላይ እጥፋት ይጠብቀናል።

5ኛው ይህንኑ አንስቶ፣ አሸዋው በደንብ ካልተራገፈ ሽቦ ሲጎተት ሽፋኑን እንደሚፍቅ አስጠነቀቀ። ቱቦውን በእሳት ለማጠፍ የሚያስብ ካለም ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የለበሰ፣ ከሆነ እንዳይሞክር ጨመረ። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከዚያ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል። ቱቦውም ከዝገት የሚጠብቀውን ልብሱን ያጣል። በጅማ ዝናብ ልብሱን ያጣ ብረት ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

6ኛው አጭር ነበር። የቱቦው መጠን ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ግማሽ ኢንች ብዬ መለስኩ። ባለሱቁ እንደዚያ ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ ስታምፓው ላይም ግማሽ ኢንች ተብሎ ተቀርጿል።

7ኛው መልስ የዚህ ክር እምብርት ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ሠርቶ ጅማ የገባ ቴክኒሻን ነው። ግማሽ ኢንች የሚባል አንድ ወጥ ቱቦ እንደሌለ አስረዳን። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ በውጭ በኩል 21.3 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካኖች ለኤሌክትሪክ የሚጠቀሙበት ወፍራሙ ኮንዲዊትም (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ያው 21.3 ነው። ቀጭኑ የአሜሪካ ኮንዲዊት ግን በስሙ ግማሽ ኢንች ተብሎ በውጭ በኩል 17.9 ብቻ ነው። በሚሊሜትር የሚሸጠው የብረት ኮንዲዊት ደግሞ 20 ከተባለ የውጭ ስፋቱ ልክ 20 ነው። ገበያ ላይ ሁሉም ግማሽ ኢንች ይባላሉ። ማሽኑ ግን በስም አያጥፍም። ካሊፐር፣ የስፋትና የውፍረት መለኪያውን፣ አውጥቼ ቱቦውንም ስታምፓውንም እንድለካ ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል አንዱን ቱቦ ይዤ ወደ መጋዘኑ በር፣ ወደ ብርሃኑ ወጣሁ። ካሊፐሩን ገጠምኩ። 20.0። ዞር አድርጌ ለካሁ፤ ያው ነው። የግድግዳው ውፍረት 1.6። ከዚያ የስታምፓውን ጎድጎድ በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩት፤ የዚንክ ፍርፋሪ ተጋግሮበት ነበር። ስለካው 21.5 ሆነ። ቱቦውን ጎድጎዱ ውስጥ አስቀምጬ በአውራ ጣቴ ስነካው ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ሃያ ሁለት ቱቦ ያበላሸው ያ ውዝዋዜ ነው።

ምክንያቱን ራሱ 7ኛው በሁለተኛ ጽሑፉ አብራራው። ቱቦ ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይጨመቃል። ክቡ ወደ ሞላላ እንዳይሄድ የሚይዘው የጎድጎዱ ጎንና ጎን ነው። ክፍተት ካለ ቱቦው መጀመሪያ ወደ ጎን ይነፋል። የተጨመቀው የውስጥ ግድግዳ ደግሞ መደገፊያ ስለሚያጣ ይሸነሸናል። ወፍራሙ ቱቦ ግድግዳው 2.6 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ትንሽ ይቋቋማል። የእኛ 1.6 ወዲያው እጅ ይሰጣል።

8ኛው ላይ ነው ነገሩ መክረር የጀመረው። የዘንድሮ ኤሌክትሪሽያን ሜትሮ እንጂ ካሊፐር እንደማያውቅ፣ ሰርተፍኬት ይዞ ቱቦ እንደሚያበላሽ፣ የሰው ገንዘብም እንደሚያባክን ጻፈ። ደስ አላለኝም። ነገር ግን መለካት ነበረብህ ማለቱ ልክ ነው፣ ተቀብየዋለሁ። 9ኛው ለእኔ ጥብቅና ቆመ። ለመማር የጠየቀን ሰው ማዋረድ ሌላው እንዳይጠይቅ ያደርጋል ብሎ ተከራከረ፤ 8ኛውም መልሶ ተናገረው። በ10ኛው አስተባባሪው ገብተው ሁለቱንም ወደ ቱቦው መለሷቸው።

11ኛው ክፍተቱን በቀጭን ላሜራ መሙላት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ቆርጠህ ጎድጎዱ ውስጥ ታነጥፈዋለህ። 12ኛው በብርቱ ተቃወመ። ላሜራው ሲንሸራተት ቱቦው ከመንጠቆው ሊያመልጥ ይችላል፤ የሚያመልጠውም ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን ባሳረፈበት ሰዓት ነው። እኔ በቁራጭ ቱቦ ሞክሬዋለሁ። ሰው አርቄ፣ ቁልፉን ከሩቅ ይዤ ነው። ሁለት ጊዜ ደህና ሠራ። በሦስተኛው ላሜራው ተጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። እናንተም አትሞክሩት።

13ኛው ቱቦውን መቀየር ይሻላል አለን። የውሃ ቧንቧው 21.3 ከሆነና ስታምፓው ለእሱ ልክ ከሆነ፣ ከየሱቁ የሚገኘውን ጋልቫናይዝድ ገዝቶ መጨረስ ነው። 14ኛው የውሃ ቧንቧ ለሽቦ እንዳልተሠራ መለሰለት። የብየዳው ስፌት ውስጡ ላይ ሾሎ ይቀራል፤ ሽቦ ሲጎተት ልክ እንደ ቢላ ሽፋኑን ይገሸልጠዋል። 15ኛው ራሱ 13ኛው ነው፤ ተቆጥቶ ተመለሰ። ለብዙ ዓመት በውሃ ቧንቧ ሲዘረጋ አንድም አደጋ እንዳልገጠመው ጻፈ። እኔ እዚህ ላይ ከ14ኛው ጋር ነኝ። ቁራጭ ቧንቧ አምጥቼ ጣቴን አስገብቼ ዳስሼዋለሁ፤ ስፌቱ ይቧጥጣል። የሽቦ ሽፋን የሚላጠው ዛሬ ነው፤ ብልጭታው የሚመጣው ግን ከዓመታት በኋላ፣ መጋዘኑ በጆንያ በተሞላበት ቀን ሊሆን ይችላል።

በዚህ መሃል ሁለተኛው ችግሬ ተረስቶ ነበር። 16ኛው አስታወሰው፤ እግዜር ይስጠው። ብረት ሲታጠፍ ትንሽ ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ አለው። ስትለቀው ጥቂት ዲግሪ ያፈገፍጋል። ስለዚህ 90 የሚፈልግ ሰው 90 ላይ አያቆምም። ምን ያህል ማለፍ እንዳለበት ደግሞ ከመጽሐፍ አይገኝም። በቱቦው ውፍረት፣ በብረቱ ዓይነት፣ በስታምፓውም ይለያያል። አዲስ ጭነት ቱቦ በመጣ ቁጥር አንድ ቁራጭ አጥፎ መለካት ነው መፍትሔው። ካነሰ መልሶ መጨመር ይቻላል፤ ካለፈ ግን መመለስ ቱቦውን ይጎዳል። ስለዚህ ቀስ እያሉ ከታች መምጣት።

17ኛው በዚህ ላይ ወሳኝ ነገር ጨመረ፤ የዜሮውን ነገር። እኛ ቱቦውን መንጠቆው ውስጥ አስገብተን ጠቋሚውን ወዲያው ዜሮ ላይ እናደርግ ነበር። ያ ስህተት ነው። መጀመሪያ ቁልፉን ነካ ነካ እያደረጉ ቱቦው በመንጠቆውና በሮለሩ መካከል እስኪጠብቅ ማስጠጋት ያስፈልጋል። መጥበቁን በእጅህ ታውቀዋለህ፤ ቱቦውን ስትነቀንቀው ድምፅ አይሰጥም። ዜሮ የሚደረገው ያኔ ነው። ማሽኑ ያረጀ ከሆነና ካቴናው ወይም ጥርሱ ከላላ፣ ያለዚህ በየእጥፋቱ የተለያየ ቁጥር ታገኛለህ። ይህን ካስተካከልን በኋላ 86 የነበረው 87 ተኩል ሆነ። የቀረው ሁለት ዲግሪ ተኩል የብረቱ ነው።

18ኛው ስለ ስፌቱ ተናገረ። ቱቦው በብየዳ የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን ወደ ጎን አድርጎ ማጠፍ ጥሩ ነው። ከውጭ ከሆነ ይለጠጣል፣ ከውስጥ ከሆነ ይጨመቃል፤ ጎን ላይ ግን ብዙ አይጨነቅም። አሁን በጠመኔ እያሰመርንበት ነው።

19ኛውና 20ኛው ከመንገድ ወጡ። 19ኛው የመብራቱን ነገር አንስቶ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊልጌል ግቤ አንድ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ማታ መብራት ለምን ይደክማል ብሎ አማረረ። 20ኛው የኃይል ማመንጫ ቅርብ መሆንና የሰፈር መስመር ጥንካሬ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በእርጋታ አስረዳው። ሰፈራችን የሚደርሰው በትራንስፎርመሩ አቅምና በሽቦው ርዝመት ልክ ነው። ዞሮ ዞሮ 2ኛው በእኛ ማራዘሚያ ላይ ካሰላው ጋር አንድ ነው።

21ኛውን አንብቤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው በአንድ የግንባታ ቦታ ያየውን ነው የነገረን። ሠራተኞቹ ቱቦ እያጠፉ ሳለ፣ ከጎናቸው አንዲት ልጅ ቡና አቅርባ ነበር። ሦስት ሜትሩ ቱቦ ሲታጠፍ ረጅሙ ጫፍ እንደ በር ዞሮ መጣ። ረከቦቱን ጠረገው። ጀበናው እግሯ ላይ ፈሰሰ። ማሽኑን የያዘው ሰው ዓይኑ ዲግሪው ላይ ስለነበር አላየም። እኛም ቡና የምንጠጣው ማሽኑ አጠገብ ነበር። በዚያው ዕለት ከቱቦው ርዝመት አሳልፈን ዙሪያውን ገመድ ወጠርን። ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው፣ የቱቦውን ጅራት የሚያይ ሌላ ሰው አደረግን። ስታምፓ ስንቀይር ሶኬቱን ነቅለን ነው። የተንዘረፈፈ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሶም ማንም አይጠጋም።

22ኛው ያ ተማሪ ነው፤ ጥያቄው እንዳልተመለሰለት አስታወሰ። 23ኛው አንድ የሙያ መምህር ናቸው። ቱቦው አንድ እንቅፋት አልፎ በዚያው አቅጣጫ እንዲቀጥል ስንፈልግ ሁለት እኩል እጥፋት እናደርጋለን። በሁለቱ ምልክት መካከል ያለው ርቀት የእንቅፋቱ ከፍታ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። በ30 ዲግሪ ቁጥሩ 2 ነው። በ45 ዲግሪ 1.4፣ በ22 ተኩል 2.6። ሲጋራ የሚያክል ወረቀት ላይ ጽፎ ማሽኑ ላይ መለጠፍ በቂ ነው። እኛ መጋዘን ውስጥ 15 ሴንቲሜትር የወጣ ምሰሶ አለ። በ30 ዲግሪ ስንሄድ ምልክታችን 30 ሴንቲሜትር ይራራቃል። ቱቦው ግን በዚህ ምክንያት ወደ 4 ሴንቲሜትር ያጥራል፤ መምህሩ እሱን ቀድሞ መጨመር እንደሚያስፈልግ አሳሰቡ። ይህን የማያውቅ ሰው ስካቶላው (የሽቦ ማገናኛ ሳጥኑ) ጋ ሲደርስ ቱቦው አልደርስ ይለዋል፤ ማኒኮቶ (የቱቦ መቀጠያ) ፍለጋ ይሄዳል። በአሜሪካ ደንብ በሁለት የሽቦ መጎተቻ ቦታዎች መካከል ያለው እጥፋት ተደምሮ ከ360 ዲግሪ እንደማይበልጥም ነገሩን። አራት የ90 ዲግሪ እጥፋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሽቦው አይጎተትም።

24ኛው ሁለተኛውን እጥፋት ሲያጥፉ ቱቦው ትንሽ እንኳ ከዞረ ጠማማ እንደሚወጣ አስታወሰ። ቱቦው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር፣ ጫፉ ላይም ውሃ ልክ ማሰር ነው።

በ25ኛው 8ኛው ተመልሶ መጣ። ያ የተቆጣው ሰው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ግን ከሁሉም የጠቀመኝን ነገር ሰጠኝ። ለ20 ሚሊሜትር የሚሆን ስታምፓ ከውጭ እስኪመጣ ከመጠበቅ ቶርኖ ቤት ሄጄ እንዳስቀርጽ መከረኝ። ከአሉሚኒየም እንዳይሆን፣ ከወፍራም ብረት እንዲሆን፣ መንጠቆውም ተበይዶ የተቀጠለ ሳይሆን ከዚያው ብረት የወጣ እንዲሆን አጥብቆ አስጠነቀቀ። የጎድጎዱ ስፋት 20.2፣ ጥልቀቱም የቱቦው ግማሽ። የእጥፋቱ ሬዲየስ የድሮው ስታምፓ እንደነበረው 4 ኢንች፣ ማለትም 101.6 ሚሊሜትር በቱቦው መሃል ሲለካ።

አስቀረጽነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ቅዳሜ ጠዋት ገጠምነው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከገመዱ ውጭ ሆኖ አንድ ቁራጭ አጠፍን። ስታምፓው ሲሰፋ ወይም ሲሰነጠቅ እንደሆነ ብለን ዙሪያውን መረመርነው። ምንም የለም። ሮለሩን ቱቦው ነካ እስኪያደርገው ድረስ አቀረብነው፤ ከዚያ በላይ አላጠበቅነውም፣ ከጠበቀ እሱም ይደፈጥጣል። ዜሮ አደረግን። 92 ተኩል ላይ አቆምን። ቱቦውን አውጥቼ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ገጠምኩበት። ልክ ገባ። በጥፍሬ የውስጡን ጎን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፣ ጥፍሬ የትም አልያዘም። ካሊፐሩን እጥፋቱ ላይ ገጠምኩ፤ በአንዱ በኩል 19.4፣ በሌላው 20.3። ሞላላነቱ በዓይን አይታይም።

26ኛው ከቦንጋ ነው፤ የስታምፓውን ልክ እንድልክለት ጠየቀ። እሱ ያለው ቱቦ ሱቅ ውስጥ ሶስት ሩብ ኢንች ይባላል። ልኩን ከመላኬ በፊት የቱቦውን የውጭ ስፋት ለክቶ እንዲጽፍልኝ ለምኜዋለሁ። 25 ከሆነ በሚሊሜትር የሚሸጠው ነው፣ 26.7 አካባቢ ከሆነ የውሃው ወይም ወፍራሙ ነው፣ 23.4 ከሆነ ቀጭኑ የአሜሪካ ነው። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።